እናቴ የሠራችው ቀዳዳ ማሰሮ

እዚህ ርሖቮት ከተማ የትምህርት ዓመት ሲያልቅ ወላጆች ለጋን ሠራተኞች ኦርኪድ የሚባል አበባ ያመጣሉ። ጋን በዚህ አገር መዋዕለ ሕፃናት ማለት ነው። እኔ ኦሺዮት ሰፈር፣ አንድ ጋን ውስጥ የመምህሯ ረዳት ነኝ፤ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ የጫማ ማሰሪያ አስራለሁ፣ በአንዲት የአሸዋ አካፋ የተጣሉትን አስታርቃለሁ። እናቴ ስለ ሥራዬ ለሰው ስታወራ፣ «ድሮ እኔ ጋን እሠራ ነበር፤ አሁን ደሞ ልጀ ጋን ትሠራለች» ትልና በራሷ ቀልድ ትስቃለች። የሷ ጋን ጠላ የሚጠነሰስበት ትልቁ ሸክላ ነው። ጎንደር ሳለን ሸክላ ሠሪ ነበረች።

ኦርኪዱ ሲመጣ ሙሽራ መስሎ ነው፤ በሚንኮሻኮሽ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ወገቡ ላይ ሪባን ታስሮለት። የመጀመሪያውን ሲሰጡኝ እንግዳ ነው ብዬ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣሁት። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ እንደ ረጠበ ወረቀት ሟሸሸ። የሚቀጥለውን ፀሐይ ገደለው። ከዚያ በኋላ የመጣው ላይ ግን እልህ ያዘኝ። መጽሐፍ አላገላበጥኩም፣ ማንንም አልጠየቅኩም፤ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሥሩ ሲጠማው እንደ ብር ይነጣል፣ ሲጠጣ ይለመልማል። ማሰሮውን ብድግ ሳደርገው ከቀለለኝ ይጠጣ፣ ከከበደኝ ይቆይ። ይኸው ነው። እኔ ፊደልንም የተማርኩት እንዲሁ ነው፣ ትኩር ብዬ እያየሁ።

አበባው ሲረግፍ ብዙ ሰው ሞተ ብሎ ይጥለዋል። እኔ ግን እሰበስበው ጀመር። የጋናችን መምህር የሷን ሰጠችኝ፤ የጎረቤት ጋን ረዳቶችም «ያንች ነገር!» እያሉ የነሱን አመጡልኝ። ምን አለፋችሁ፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር ያለችው ጠባብ በረንዳዬ ጢም ብላ ሞላች።

የኦርኪድ ጠባይ ለማያውቀው ሰው ግራ ነው። አፈር አይወድም። የሚተከለው በተሰባበረ የዛፍ ቅርፊት ውስጥ ነው። ማሰሮው ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ላስቲክ ሆኖ ዙሪያውን የተበሳሳ ነው፤ ሥሩ አየር ካላገኘ ይታፈናላ። ግማሹ ሥር እንዲያውም ከማሰሮው ወጥቶ በአየር ላይ ይንጠለጠላል። ቅርፊቱ ሲበሰብስ ተክሉን ማውጣት፣ የሞተውን ሥር መቁረጥ፣ በአዲስ ቅርፊት መልሶ መትከል ነው። ይህን ስሠራ ልቤ ያርፋል። ልጆቹ የጮሁብኝ ሁሉ ከጆሮዬ ይወጣል።

እንግዲህ ያለፈው ዓመት የመስከረም በዓላት እንዳለፉ እናቴ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳለጣትና ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። የምትኖረው ከኔ ሁለት ሕንፃ አልፎ፣ ምድር ቤት፣ ብቻዋን ነው፤ ብቻዋንም ደስ ብሏት ነው። ጀሶው እስኪፈታ እኔ ቤት ትሁን ተባለ። ጀሶው ተፈታ፤ እጇ ግን አልተፈታም። ጣቶቿ ግማሽ ታጥፈው ቀሩ፤ አይጨብጡ፣ አይዘረጉ።

ሕክምናው ቤት፣ ሁላችንም ኩፓት ሆሊም የምንለው፣ እጅ የሚያሠሩበትን ክፍል የያዘች አንዲት ወጣት ባለሙያ አለች። በዕብራይስጥ ነገረችኝ፣ እኔ ለእናቴ አስተረጎምኩ። «እጇን ካላሠራችው እንዲሁ ደርቆ ይቀራል። በቀኝ እጇ የሞላ ማንቆርቆሪያ አንስታ ስትቀዳ፣ ቁልፍ አስገብታ ስታዞር፣ ያን ጊዜ ቤቷ ትመለሳለች። እስከዚያ ብቻዋን አትኑር።»

እናቴ የሰማችው «ቤቷ ትመለሳለች» የሚለውን ብቻ ይመስለኛል። በዚያው ቀን የበሯን ቁልፍ በጥቁር ክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

«እማ፣ እኔ ቤት ምን ጎደለሽ?» አልኳት።

«ምንም አልጎደለኝ፣ ልጀ። የራሴ በር ነው የጎደለኝ።»

ባለሙያዋ ለማሻሸት የምትሆን ቢጫ፣ ሊጥ የመሰለች ላስቲክ ሰጥታት ነበር። በየቀኑ መጭመቅ፣ መጠፍጠፍ፣ መጎተት ነው። እናቴ አንድ ጊዜ ጨመቀቻትና አስቀመጠቻት። «ይሄ የማይቦካ፣ የማይጋገር፣ የማይበላ ሊጥ ነው። ምን ብየ ነው የማሸው? አያልቅ፣ አይጠቅም!»

ልጄ ወታደር ናት፤ ለሰንበት ስትመጣ አያቷን ሳቭታ እያለች ታባብላታለች። «ሳቭታ፣ ያላ፣ አምስት ጊዜ ብቻ ጭመቂው፣ ቤሰደር፣ እሺ?»

«ያላ ያላ አትበይኝ፤ አህያ ነኝ?»

እኔም አልበጀሁም። ምግቧን እቆርጥላታለሁ፣ ጸጉሯን አበጥራለሁ፣ የቀሚሷን ቁልፍ እቆልፍላታለሁ። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትመለከተኛለች። አንድ ቀን ልጄ የኦርኪድ ነገሬን ታውቃለችና፣ «ኢማ፣ ሳቭታንም እንደ መጀመሪያው አበባሽ አጠጣሻት» አለችኝ። ተቆጣኋት። ማታ ግን ነገሩ ከጆሮዬ አልወጣም።

ቀን ቀን እናቴ የምትውለው በረንዳው ላይ፣ ከኦርኪዶቼ ጋር ነው። አልወደደቻቸውም።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው አንጀታቸውን ዘርግፈው የተቀመጡት?»

«እንዲህ ነው የሚኖሩት፣ እማ።»

«ሥር እኮ ገመና ነው። ሰው ያየዋል! ታች ያሉት ጎረቤቶች ቀና ሲሉ ያዩታል!»

ሳቅኩና አለፍኩት። ከእናቴ አፍ የወጣ ነገር እንደዋዛ እንደማይታለፍ መቼም አልማርም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከሕንፃው በር ጀምሮ ደረጃው ላይ ቀይ አፈር ተንጠባጥቧል። የአፈሩን ፈለግ ይዤ ወጣሁ፤ እኔው በር ላይ ደረሰ። ገባሁ። ሳሎኑ ተጠርጓል። በረንዳው ተጠርጓል። ኦርኪዶቼ በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ተሰልፈው ቆመዋል፤ የወይራ ፍሬ በነበረበት ጣሳ፣ በልብስ ማጠቢያ ባልዲ፣ አንደኛው በሰንበት ድስቴ ውስጥ። ሁሉም እስከ አንገታቸው በቀይ አፈር ተቀብረዋል። አፈሩን ከሕንፃው ጀርባ፣ ከሎሚው ሥር፣ በትንሽ ባልዲ እየተመላለሰች ነው ያመጣችው።

«ሥራቸውን ከተትኩላቸው» አለችኝ። ፊቷ እንደዚያ ቀን አብርቶ አላየሁም። «ራቁታቸውን ነበር እኮ።»

«ማሰሮዎቹስ? የላስቲኮቹ?»

«ቀዳዳ ናቸው። ጣልኳቸው።»

ወደ ቆሻሻ ገንዳው ልሮጥ ስል የቆሻሻው መኪና እኔ ስመጣ ጭኖ ሲሄድ እንዳየሁት ትዝ አለኝ። እናንተዬ፣ ለመጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ስንት ዓመት የሰበሰብኳቸው ናቸው። ጎንበስ ብዬ የሰንበት ድስቴን አየሁ። አፈሩ ተጠቅጥቆ ለስልሷል፤ ለስልሶም የጣት አሻራ አለበት። በግራ በኩል አምስት፣ በቀኝ በኩል አምስት። የቀኞቹ ከግራዎቹ ፈዘዝ ብለዋል እንጂ አሉ። አውራ ጣቱ እንኳ አለ። ያቺን ቢጫ ላስቲክ ሁለት ጊዜ አልጨምቅም ያለችው እጅ ነበረች እዚያ አፈር ላይ የነበረችው።

አፌን ዘጋሁ። «ደክሞሽ ይሆናል፣ እማ፤ ሻይ ላፍላልሽ» አልኳት።

አወጣቸዋለሁ፣ አላወጣቸውም እያልኩ ቀናት አለፉ። ካወጣኋቸው እናቴ ታፍራለች፤ ካላወጣኋቸው ይበሰብሳሉ። እሷ ግን በየጠዋቱ እየሄደች አፈሩን በቀኝ እጇ መታ መታ ታደርጋለች። እኔ ደግሞ ስለ እጇ ስል ኦርኪዶቼን ለሞት ዝም ብዬ ሰጠሁ። በመጨረሻ ራሷ መጣችና ወጥ ቤት በር ላይ ቆመች።

«አንች፣ እነዚያ አበቦች ታመሙ።»

ወጥቼ አየሁ። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል፤ አንዱን ብነካው በእጄ ቀረ። ከዚያ ወዲያ መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኳት፤ አፈር እንደሚያፍናቸው፣ ሥራቸው አየር እንደሚፈልግ፣ ቀዳዳው ሆን ተብሎ የተሠራ እንደሆነ። ራቷን አልበላችም። ቀኝ እጇን እንደገና ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፤ ግራው ከላይ ሸፈናት። በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ጣቶቿ እንደ ድሮው ታጥፈው ሳይ ፈራሁ።

ሰንበት እንደወጣ ትልቁን ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ በረንዳ ላይ አኖርኩት። ኦርኪዶቹን ከነአፈራቸው ዘረገፍኳቸው። አንዷን ይዤ እናቴ ፊት ቀረብኩ።

«እማ፣ ብቻዬን አይሆንልኝም። ያዥልኝ።»

«እኔ የነካሁት ይሞታል።»

«ካልነካሽው ነው የሚሞተው። ያዥ።»

ተቀበለችኝ። ጭቃ የያዘውን ሥር ውሃ ውስጥ ነከረችና ቆየች። ከዚያ ፈራ ተባ እያለች ሥሩን በሁለት ጣቷ መሐል ታሳልፈው ጀመር፤ ከላይ ወደ ታች፣ ጭቃውን እየገፋች፣ እንደገና ከላይ። አስተጣጠቧን አውቀዋለሁ። በግ ሲታረድ ጨጓራና አንጀት የምታጥበው እንደዚህ ነው። ውሃ ትቀይራለች፣ ታሸታለች፣ እንደገና ታጥባለች።

«ይሄ ሞቷል» አለች፣ ባዶ ሆኖ የተጨማደደውን ሥር እየጨመቀች። «ይሄ ግን ጠንካራ ነው። ስሚው፣ ደንደን ይላል።»

እኔ መቀሱን በአልኮል እየጠረግኩ የሞተውን እቆርጣለሁ። የተቆረጠው ላይ ቀረፋ ስነሰንስበት ሳቀች። «የሻይ ቅመም ለቁስል! ምነው ኮረሪማ አልጨመርሽበት?»

ከሳምንት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። እየሳቀችም ሥሩን ወደ ብርሃን አነሳችው። ታጥቦ ሲረጥብ አረንጓዴ ሆኗል።

«ይሄን አውቀዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ወንዛችን ዳር ትልቅ ሾላ ነበረ። ቅርንጫፉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ ነጭ ነጭ ያብብ ነበር። ሥሩ ግንዱን አቅፎ። መሬት አይነካም። ታዲያ ዛፍ ላይ የሚኖር ነው በይኛ! ምነው አልነገርሽኝ?»

ነግሬያት ነበር። ግን የሚቀጥለውን አቀበልኳት።

ማሰሮ ስላልነበረን የእርጎና የአይብ ጣሳዎችን ሰብስቤ ሚስማር በእሳት እያጋልኩ በሳሳኋቸው። ለጊዜው እዚያ ገቡ። የሞቱት ሞቱ፤ የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። እናቴ በየቀኑ ታያቸዋለች፣ በየቀኑም ያንኑ ትላለች። «በእርጎ ጣሳ! ሰው ነገር ሲተክል በእርጎ ጣሳ!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ እዚህ አገር ከገባች ጀምሮ ሸክላ ነክታ አታውቅም። መንደራችን ሴቱ ሁሉ ሸክላ ሠሪ ነበር። እናቴ የሠራችውን በጀርባዋ አዝላ ገበያ ትወጣለች፤ ማሰሮዋን ይገዛሉ፣ እሷን ግን ይፈራሉ። በዓይኗ ትበላለች ይላሉ። በሷ ድስት ወጥ የሚሠሩ ሴቶች ልጆቻቸውን ከፊቷ ይሸሽጋሉ። አዲስ አበባ ወርደን፣ ከዚያ በአውሮፕላን እዚህ ስንገባ እኔ ልጅ ነበርኩ። እንደገባን ሰሞን እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ታጥባ፣ «ከጭቃ ጋር ተፋታን» ማለቷ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ የሰው ወለል አጥባለች፣ ማሸጊያ ቤት ብርቱካን ለይታለች። አንድ ጊዜ ለአንድ ዝግጅት «ያገርሽን ሸክላ ሥሪልን» ብለው ቢለምኗት፣ «ረስቸዋለሁ» አለቻቸው። አልረሳችም። እኔ አውቃለሁ፤ ሱቅ ገብታ የሸክላ ዕቃ ካየች በጥፍሯ መታ ሳታደርግና ድምፁን ሳትሰማ አታልፍም።

ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ከሕክምና ወጥተን ከሄርዝል ጎዳና ወደ ቤት ስንመለስ፣ አዲስ ሕንፃ ሊሠሩ መሬቱን ቆፍረው አፈሩን ከአጥሩ ውጭ ከምረውታል። ላይ ላዩ ያው የኛ ሰፈር ቀይ አሸዋ ነው። ከጥልቁ የወጣው ግን ግራጫ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ እርስ በርሱ ተያይዟል። እናቴ ቆመች።

«ያላ፣ እማ፣ ዝናቡ ሊመጣ ነው።»

አልሰማችኝም። ጎንበስ ብላ ቆንጠር አደረገች፣ በጣቶቿ መሐል አሸችው፣ ከዚያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በጥርሷ ነከሰችው።

«እማ! ሰው ያይሻል!»

«ይየኝ።» ምላሷን አጣጣመች። «አሸዋ የለበትም።»

ሎሚ የሚያህል አንስታ የካፖርቷ ኪስ ከተተች። ቤት እስክንደርስ ቀኝ እጇ ከኪሷ አልወጣችም። ከኪሱ ውጭ ጨርቁ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ አንዳች ነገር እንደታፈነ ጫጩት። ዞር ብዬ ሌላ ሌላውን አወራሁ።

በማግሥቱ፣ «ገል አለሽ?» አለችኝ። ገል የተሰበረ ሸክላ ነው። አንድ የተሰበረ የአበባ ማሰሮ ነበረኝ፤ ሰጠኋት። ወቀጠችው፣ በሻይ ማጥለያዬ ነፋችው፣ ከጭቃው ጋር ለወሰችው። ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ነው አለች። እኔም ከሥራ ስመለስ በሁለት ባልዲ ከዚያው ክምር ጨምሬ አመጣሁላት፤ ሠራተኞቹ «ምን ልትሠሪበት ነው?» ቢሉኝ «እናቴን» አልኳቸው።

በረንዳው ላይ ላስቲክ አንጥፋ ተቀመጠች። ጭቃውን በግራ እጇ በጥፊ መታችው። ከዚያ በቀኟ። ፊቷ ተጨማደደ።

«አመመሽ?»

«አመመኝ። ዝም በይ።»

ጭቃውን ድቡልቡል አድርጋ መሐሉን በአውራ ጣቷ ከፈተችው፤ ከዚያ ዙሪያውን እያዞረች፣ በውስጥ በቀኝ እጇ፣ በውጭ በግራዋ እያቀፈች አሳደገችው። ቀኝ እጇ ውስጥ ገብታ ስለነበር አላየኋትም። ስትወጣ ግን ጣቶቿ ተዘርግተው ነበር። እሷም አይታቸዋለች።

ያቺ የመጀመሪያዋ ማሰሮ አንድም ቀዳዳ አልነበራትም። ለኦርኪድ ቀዳዳ ያስፈልጋል ብላት ተቆጣች።

«ቀዳዳ ሸክላ ገበያ አይወጣም! ገዥ ወደ ፀሐይ አንስቶ በአፉ ውስጥ ያያል። ብርሃን ካየ ሣቀብሽ ማለት ነው፤ አዝለሽ ይዘሽው ትመለሻለሽ። እኔ አንድም ቀን አዝየ አልተመለስኩም። በእርጅናየ ልበሳ?»

ሰፈራችን ያለው የሕዝብ ማእከል ውስጥ ሴቶች ሸክላ የሚማሩበት ክፍል አለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መተኮሻም አላቸው። የምታስተምረው ሴት ማሰሮዋን በሁለት እጇ ተቀብላ አገላበጠቻትና በጣም አደነቀች፤ ግን ገና እንዳልደረቀች፣ እንድትቆይ ነገረችን። እናቴ «እኔ ስንቱን ተኩሻለሁ፤ ንገሪያት፣ ትግባ» አለች። ገባች። ማሰሮዋ ስትወጣ ከአፏ እስከ ወገቧ ተሰንጥቃለች።

የኩበትና የእንጨት እሳት ቀስ ብሎ እንደሚያሟሙቅ፣ የኤሌክትሪኩ ግን ሌላ ጠባይ እንዳለው ሴትዮዋ በትዕግሥት አስረዳቻት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «በሰው እሳት በራሴ ልክ ሄድኩ» አለች፤ ያን ግን አላስተረጎምኩም።

የተሰነጠቀችውን ልትጥላት ነበር። ቀማኋትና ከእርጎ ጣሳ ያወጣሁትን አንዱን ኦርኪድ፣ ያንን በሰንበት ድስቴ ውስጥ የነበረውን፣ ተከልኩባት። እናቴ ፊቷን አዞረች። ቀን በቀን ሲጨመር ክረምቱ አለፈ፤ የብርቱካን አበባ ሽታ ማታ ማታ ከሰፈሩ ዳር መምጣት ጀመረ። አንድ ጠዋት እናቴ ከበረንዳ ጠራችኝ።

«ነይ እይ። ነይ ቶሎ!»

በስንጥቁ ውስጥ አዲስ ሥር ወጥቷል። ጫፉ አረንጓዴ፣ እንደ ሕፃን ጣት ድንቡሽ ያለ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ከሸክላው ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ሆና ታየዋለች።

«በሩን አገኘ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ጭቃ ስታቦካ አገኘኋት።

ያንን ማሰሮ ቀስ ብላ ነው የሠራችው። ቁመቱን ከፍ፣ ግድግዳውን ሳሳ አደረገችው። ጭቃው ጠንከር እስኪል በጨርቅ ሸፍና አቆየችው። ልጄ ለሰንበት መጥታ ነበር፤ ሦስታችንም በረንዳ ላይ ነን። እናቴ ማሰሮውን በጉልበቷ መሐል ያዘችና ቆመች። መብሳቱ እምቢ አላት።

«አንች ብሽው» አለችኝ።

«ያንች ሸክላ ነው፣ እማ።»

ወደ ልጄ ዞረች። ልጄ ሁለት እጇን አነሳች። «እኔን አትይኝ፣ ሳቭታ፤ ካበላሸሁት ታሳድጂኛለሽ።»

እናቴ ለመብሻ የሚሆን ነገር በዓይኗ ፈለገች፤ በአጠገቧ የለም። እጇን አንገቷ ሥር አስገባችና ያንን በጥቁር ክር የተንጠለጠለ ቁልፍ አወጣችው። በቀኝ እጇ ያዘችው፣ በአውራ ጣቷና በአመልካች ጣቷ። ጫፉን ሸክላው ላይ ደገነች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ተጫነችው፤ ቁልፉ ገባ። ከዚያ እንዲሰፋ አዞረችው።

ልጄ ክርኔን ያዘችኝ። እኔም አይቻለሁ።

እናቴ ቁልፉን አወጣች፣ ጭቃውን በቀሚሷ ጠረገች፣ ወደ ሌላው ጎን አዞረችና እንደገና አስገባች። እንደገናም አዞረች። ዙሪያውን እስክትጨርስ እንደዚያው ናት። ሲያልቅ ማሰሮውን ወደ ፀሐይ አነሳችውና በአፉ ውስጥ አየች።

«ወይ ጉድ» አለች። «ሰማይ የመሰለ ሸክላ።»

ከዚያ ነው እጇን ያየችው። ቁልፉን አየች፣ እጇን አየች፣ እኛን አየች። «ምነው እንዲህ ታፈጣላችሁ? ሙት ተነሣ?» አለች፤ ቁልፉንም መልሳ አንገቷ ሥር ከተተችው።

ይህኛው በደንብ እስኪደርቅ ጠበቀች። ሳይሰነጠቅ ወጣ። የእጅ ባለሙያዋም ማንቆርቆሪያውን ሞልታ ሰጠቻት፤ እናቴ አንስታ ቀዳችላት፤ ከዚያ ለራሷም ቀዳችና ጠጣች። «የቢጫው ላስቲክ ሥራ ነው!» ብላ ወጣቷ ተደሰተች። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ነው በያት፤ ደስ ይበላት» አለችኝ።

ወደ ቤቷ የሄደችው ሙቀቱ ሳይጠነክር ነው። ልብሷን እኔ ተሸከምኩ፤ ልጄ ፍራሹን። እናቴ ቀዳዳ ማሰሮዋን ከነኦርኪዱ በግራ ክንዷ አቀፈችው። በሯ ላይ ስንደርስ ልረዳት እጄን ዘረጋሁ፤ ልጄ ወደ ኋላ ጎተተችኝ። እናቴ በቀኟ ቁልፉን አስገባች። መጀመሪያ አልዞረም፤ ትንሽ ደረቅ ጭቃ ጥርሱ ላይ ቀርቶ ነበር። አውጥታ እፍ አለችበት። መልሳ አስገባችውና ተከፈተ።

ማሰሮውን መስኮቱ አጠገብ አኖረችው። እኔ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ በረንዳዬ ላይ ወንበሯ ባዶውን ነው። አልዋሽም፣ ከፋኝ። ትንሽ ተቀመጥኩበትና የተረፉትን አጠጣሁ፤ ብድግ እያደረግኩ፣ የቀለለውን ብቻ።

አሁን በየጠዋቱ ልጆቹ ጋን ሳይገቡ ትደውልልኛለች። ትናንትም ደወለች።

«አንች፣ ይሄ አበባ አዲስ ሥር አወጣ። በቀዳዳው ወጥቶ ግድግዳየን እየዳበሰ ነው።»

«ምን አደረግሽው?»

ማንቆርቆሪያዋ ሲንተከተክ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«ምን አደርገዋለሁ፤ ይዳብስ» አለች። «በይ ሻየን ልቅዳ፤ ደኅና ዋይ።»